ፊደል መልቀምና ቃል ማወቅ

ፊደል ለቃል እንደ ድርና ማግ ነው። በጉለሌ በሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው፣ ክር ብቻውን ልብስ እንዳይደለ ያውቃል። ክር ከክር ጋራ ተጋጥሞ፣ በመወርወሪያ ተመላልሶ ሲጠብቅ ግን ነጠላ ወይም ጋቢ ይሆናል። እንዲሁም ፊደል ከፊደል ጋራ ሲጋጠም ቃል ይሆናል፤ ቃልም ትርጓሜውን ሲይዝ ለሰው አሳብ ልብስ ይሆናል። ክር እየሰበሰበ ልብስ ሳይሠራ የሚኖር ሰው ከብርድ አይድንም፤ ፊደልም እየለቀመ ትርጓሜውን ሳይፈልግ የሚኖር ሰው ከድንቁርና አይድንም።

በፊደል መጫወት የተናቀ ነገር አይደለም። ጨዋታ ለልጅ አእምሮ እንደ ውሃ ነው፤ ደረቁን ትምህርት ያለዝብለታል። ከጥንት ጀምሮ ዐዋቂዎች ሁሉ ፊደልን እየቈጠሩ፣ እየደረደሩና እያገጣጠሙ ሲደሰቱ ኖረዋል። በዳዊት መዝሙር 118ኛው መዝሙር 176 ቍጥር አለው፤ እርሱም በዕብራይስጥ 22 ፊደላት ተከፍሎ፣ ለያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቍጥር ደርሶታል። በዕብራይስጡ ስምንቱ ቍጥሮች ሁሉ በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። የግእዙ ዳዊት ይህነን የፊደል ጨዋታ በትርጕም ሊያስቀረው ባይችል፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የፊደላቱን ስም ከየክፍሉ ራስ ላይ ጽፎ አቆይቶታል።

በኢትዮጵያም የቅኔ ተማሪ ሥራው እንዲሁ ነው። ቅኔ ሊቈጥር ወደ ዱር ሲወርድ፣ የቤቱ መድረሻ በአንድ ፊደል እንዲመታለት ቃል ከቃል ይመርጣል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ግን ስምንት ቤት ስለ ሆነ፣ በዚያው ፊደል የሚያልቅ ቃል በብዙ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ግሱን ሁሉ በልቡ ያመላልሳል። ነገር ግን ፊደሉ መትቶለት ምሥጢር የሌለው ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ቢቆም፣ መምህሩ አይቀበለውም። ቤቱ መታ ማለት ቅኔው ተቈጠረ ማለት አይደለም። ይህ ሕግ የቅኔ ቤት ሕግ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በሌላም ቋንቋ ቃል የሚለቅም ተማሪ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

እንግሊዝኛ ወደ ኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች በስፋት የገባው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዘመን ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በጉለሌም በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል እርዳታ ተከፈተ። ስሙን ያገኘው ኢትዮጵያ ነጻ በወጣችበት ጦርነት ከዐርበኞች ጋራ ከተዋጋው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው። ብዙ ልጆች በዚያ ሼክስፒርን አነበቡ፤ በኋላ ዘመን ትምህርት ቤቱ የሙያ ማሠልጠኛ ሆነ። እንግሊዝኛ ግን ከጉለሌ አልወጣም፤ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው።

ሀሁ ቈጥሮ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛን ሲጀምር ሁለት ነገር ያስቸግረዋል። አንደኛው የፊደሉ ማነስ ነው። አማርኛ 33 ፊደል በሰባት በሰባት ተባዝቶ 231 ሲሆን፣ እንግሊዝኛ 26 ብቻ አለው። «ሰላም» በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ አምስት ይፈጃል፤ አናባቢው ራሱን ችሎ ይቆማልና። ሁለተኛው ችግር የሚጻፍ ነገር ግን የማይነበብ ፊደል መኖሩ ነው። ቢላዋ «ናይፍ» ይባላል፤ ሲጻፍ ግን ከፊቱ ኬ ይቀድማል። ብርሃን «ላይት» ይባላል፤ በመካከሉ ግን ጂና ኤች ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ልጁ ይህነን አይቶ «ይህ ቋንቋ ሥርዓት የለውም» ይላል። ነገር ግን ጂና ኤች አብረው ያሉባቸውን ቃላት ለቅሞ ቢደረድር፣ ብርሃን፣ ሌሊት፣ ቀኝ፣ ሴት ልጅ የሚሉት ቃላት ሁሉ በአንድ መስመር ሲሰለፉለት ያያል። እነዚህም ፊደላት በድሮ ዘመን እንደ ኀ ከጕሮሮ ይነበቡ ነበር፤ ድምፁ ጠፋ፣ ጽሕፈቱ ቀረ። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም። ሀ፣ ሐና ኀ በአማርኛ ንባብ አንድ ሆነዋል፤ በጽሕፈት ግን ይለያያሉ። በግእዝ መሀረ አስተማረ ማለት ነው፤ መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው። ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ሌባ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ዝም ያለ ፊደል ሞቶ የተቀመጠ አይደለም፤ የቃሉን የትውልድ አገር የሚያስታውስ ምስክር ነው። ቃልን በፊደሉ መልቀም ይህነን ምስክር ለመስማት ይጠቅማል።

በእንግሊዝኛ የቃል ጨዋታ ብዙ ዐይነት ነው። በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን በ1913 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ በታኅሣሥ ወር በ21ኛው ቀን፣ «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃል አወጣ። በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ፣ በኑሮ ውድቀት ዘመን ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቈጠረ። ከዚያም ቈጠራ ስክራብል የሚባለው ጨዋታ ተወለደ፤ ይህነን ስሙን ያገኘው ግን ጄምስ ብሩኖት ሥራውን ከተረከበ በኋላ በ1948 ነው። በ2021 ደግሞ ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው፣ ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ የሚገመትበትን ወርድል የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱም «ኒው ዮርክ ታይምስ» ገዛው።

የስክራብል ሥርዓት ለተማሪ ብዙ ያስተምራል። ፊደላቱ በትንንሽ ቍራጭ ላይ ተጽፈው 100 ናቸው፤ ከነዚያም ሁለቱ ባዶ ስለ ሆኑ፣ ተጫዋቹ በፈለገው ፊደል ስም ይጠራቸዋል። ኢ የምትባለው ፊደል በእንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ ስለምትመላለስ 12 ጊዜ ተጽፋለች፤ ዋጋዋም አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ኪው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፋ ዋጋዋ 10 ነጥብ ነው። በብዛት የሚገኝ ነገር ይረክሳል፤ በጭንቅ የሚገኝ ይወደዳል፤ ይህም የገበያ ሕግ ነው። ኤስ የምትባለው ፊደል ደግሞ ከቃል መጨረሻ ስትገባ አንዱን ብዙ ስለምታደርግና ጨዋታውን እጅግ ስለምታቀል፣ አራት ብቻ ሆና ተቈጥባለች።

ኪው የደረሰችው ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይጨነቃል፤ በእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ የምትቆምባቸው ቃላት ጥቂቶች ናቸውና። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ኪው፣ ኤ፣ ቲ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ይህ ቃል ጫት ማለት ነው፤ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ስለዚህ በለንደን የተቀመጠ ተጫዋች በጨነቀው ጊዜ የሐረርጌ ገበሬ በሚተክለው ተክል ስም ይድናል። ጤፍም፣ ንጉሥም፣ ብርም፣ ጭላዳ ዝንጀሮም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። ቃል እንደ ነጋዴ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ሄዶ በባዕድ አገር ቤት ይሠራል። የጉለሌ ልጅ እንግሊዝኛን እንደ ሰው ቤት ብቻ አይቶ እንዳይፈራው፣ ወንድሞቹ በዚያ ቤት ተቀምጠው እንደሚጠብቁት ይወቅ።

ፊደልን መቍጠርም ከጨዋታ አልፎ ታላላቅ ሥራ ሠርቷል። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ሊቅ አል ኪንዲ፣ በምሥጢር የተጻፈን ደብዳቤ ለመፍታት የፊደላቱን መመላለስ መቍጠር እንደሚበቃ ጽፎ አስተማረ። በቴሌግራም በሞርስ ምልክት ደግሞ አዘውትራ የምትመጣው ኢ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆነች፤ የቴሌግራሙ ሠራተኛ እጁ እንዳይደክም ነው። ታላቁ ሥራ ከታናሹ ቈጠራ ይጀምራል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ፊደል ተሰጥቶት ቃል የሚፈልግ ተማሪ ጥበቡ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የተሰጡትን ፊደላት በአንድ መስመር አይተዋቸውም፤ በክብ ያስቀምጣቸዋል፤ ዐይን የለመደውን ቅደም ተከተል እንዲረሳ ነው። ከዚያ በኋላ በቃል መጨረሻ የሚመላለሱትን ክፍሎች ይለያል፤ ደግሞም በመጀመሪያ የሚገቡትን። በመካከል የቀሩትን ፊደላት አናባቢውን ካናባቢ ያልሆነው ጋራ እያጋባ ይሞክራል። ፊደላታቸው አንድ ሆኖ ቅደም ተከተላቸው የተለያየ ቃላትም አሉ። «ሊስን» ማለት አዳምጥ ማለት ነው፤ «ሳይለንት» ማለት ዝም ያለ ማለት ነው። ሁለቱም ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን በሚባሉት በስድስቱ ፊደላት ይጻፋሉ። ሊያዳምጥ የሚወድ ሰው ዝም ማለት እንዲያስፈልገው፣ ፊደላቱ ራሳቸው የሚመክሩ ይመስላሉ።

በዛሬ ዘመን ይህነን ሁሉ የሚሠራ ብልኃት በእጅ ስልክ ውስጥ ተገኝቷል። ሰው የያዛቸውን ፊደላት ቢጽፍለት፣ የሚወጡትን ቃላት ሁሉ በቅጽበት ይዘረዝርለታል። አሠራሩም ምትሐት አይደለም። አስቀድሞ የመዝገቡን ቃል ሁሉ ፊደል በፊደል ፈትቶ፣ ከኤ እስከ ዚ ባለው ተራ ደርድሮ ያስቀምጣል፤ የሰውዬውንም ፊደላት በዚያው ተራ ደርድሮ ከመዝገቡ ጋራ ያስተያያል። ድርድራቸው አንድ የሆነውን ያወጣል። ስለዚህ መሣሪያው ቃል ያገኛል እንጂ ቃል አያውቅም። ይህነን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ይጎዳል።

በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንድ የሸማኔ ልጅ ነበረ። አባቱ ሌትና ቀን ከጕድጓዱ ተቀምጦ እየሸመነ ያስተምረው ነበር። ልጁም በትምህርት ቤቱ በተደረገው የእንግሊዝኛ ቃል ጨዋታ ውድድር ገባ፤ ስልኩንም ከጠረጴዛው በታች ደብቆ ቃል ያወጣ ነበር። በመጨረሻው ተራ ኢ፣ ኤም፣ ፒ፣ ቲ፣ ዋይ የሚሉ ፊደላት ደረሱት። ስልኩ እንደ ነገረው አምስቱን ገጥሞ «ኤምቲ» የሚለውን ቃል አስቀመጠ። ቃሉ 12 ነጥብ ነበረ፤ እጥፍ በሚከፍለው ቤት ላይ ስለ ዋለ 24 ሆነለትና አሸነፈ። ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተሸለመ። መዝገቡንም ከመደርደሪያ ላይ አኖረው፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየለት፤ እርሱ ግን አልገለጠውም።

በዚያ ወራት አባቱ ታመመና ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ተሰጠው። የተነገረውን አሟልቶ ስላልያዘ፣ ብልቃጡን ለልጁ ሰጥቶ፣ «ልጄ፣ እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አለው። ልጁ ጽሕፈቱን ሳይደናቀፍ አነበበው፤ «ጠዋት» የሚለውንና «አንድ» የሚለውን ዐወቀ፤ በመጨረሻ ያለውን ግን አላወቀም። በእንግሊዝኛ የተሸለመ ልጅ «አላውቅም» ማለት አፈረ። «አባባ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ፍሬ ዋጥ ነው የሚለው» አለ፤ የቀረውን ዘለለው። አባቱም በልጁ ቃል ታምኖ፣ ጠዋት ቍርሱን ከበላ በኋላ መድኃኒቱን እየዋጠ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ሕመሙም አልቀለለውም።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው በሄዱ ጊዜ ነርሷ፣ «አባቴ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚወስዱት?» ብላ ጠየቀች። «ቍርሴን ቀምሼ ነው» አላት። እርሷም ብልቃጡን አዙራ፣ «በባዶ ሆድ ይላል እኮ» አለችና በጣቷ አመለከተች። ልጁ ጐንበስ ብሎ ቢያይ፣ ነርሷ የጠቈመችው ቃል ያው በ24 ነጥብ ያሸነፈበት ቃል ነበረ። «ባዶ» ማለት ነው። ቃሉን በእጁ ይዞት ነበር፤ ዋጋውን ቈጥሮ ነበር፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም ነበር።

በመንገድ ላይ ልጁ ሁሉን ለአባቱ ነገረው። አባቱም አልተቈጣውም። «ልጄ፣ የማላውቀውን ጥለት የሚያዝ ሰው ሲመጣ አላውቀውም እለዋለሁ። አላውቅም ማለት ድር አያበላሽም። አውቃለሁ ማለት ግን ድሩንም ማጉንም ያበላሻል» አለው። በማግሥቱ ልጁ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ወደ መምህሩ ሄደና እውነቱን ተናገረ። መምህሩም ሽልማቱን አልወሰደበትም፤ «መጽሐፉን ገልጠህ የዚያን ቀን ያስቀመጥካቸውን ቃላት ሁሉ ከነትርጓሜያቸው ጽፈህ አምጣልኝ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል አዲስ ሕግ ተሠራ፤ ቃል ያስቀመጠ ሁሉ ትርጓሜውን በአማርኛ ይናገር፤ ካልተናገረ ነጥቡ አይቈጠርለት። አባትየውም ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ ጀመረ፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ወደ ድሩ ተመለሰ።

ትርጓሜ ሳይታወቅ ቃል ብቻ ማጥናት በዓለም ሁሉ እንደ ነውር አይቈጠርም ይሆናል። ናይጅል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቤልጅግ በተደረገው የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ውድድር አንደኛ ወጣ። ፈረንሳይኛ ግን መናገር አይችልም ነበር፤ የመዝገቡን ቃላት በልቡ አጥንቶ ነው የሄደ። በ2024ም በስፔንኛ እንዲሁ አሸነፈ። ይህ ሰው በስውር ከማንም አልወሰደም፤ በራሱ ድካም በራሱ ልብ ስለ ያዘው፣ ድካሙ ሊደነቅ ይገባል። ሆኖም በዚያ ሁሉ ቃል ለተቀመጠው ባላጋራው አንድ የወዳጅነት ነገር ሊያጫውተው አልቻለም። ለጨዋታ ንጉሥ ይህ ይበቃው ይሆናል፤ አባቱን መድኃኒት ለሚያነብለት ልጅ ግን አይበቃውም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት መዝገበ ቃላት ሲጽፉ ፊደልንና ትርጓሜን አልለያዩም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ደራሲው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ደስታ ተክለ ወልድም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። ሁለቱም ቃላቱን በአበገደ ተራ ደረደሩ። ጸ፣ ሐ፣ ፈ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያገኘ ሰው፣ ጸሐፈ፣ ጸሓፊ፣ ጽሕፈት፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ እያለ ዘሩን ሁሉ ከአንድ ግንድ ያገኛል። በዚህ ዐይነት ፊደል የሚፈልግ ሰው ትርጓሜን ሳይወድ በግድ ያገኛል።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ ፊደል ልቀም፤ ተጫወት፤ በጨዋታህም ደስ ይበልህ። በመጀመሪያ በራስህ አእምሮ ፈልግ፤ ቢያቅትህ መሣሪያን ጠይቅ፤ መሣሪያን ስትጠይቅም ባልንጀራህ እያወቀ ይሁን። ያገኘኸውን ቃል ሁሉ በደብተርህ ጻፍ፤ ከአጠገቡም ትርጓሜውን፣ ከትርጓሜውም አጠገብ ቃሉ የገባበት አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ። በቀን አምስት ቃል ብቻ እንዲህ ብታደርግ፣ በዓመት 1825 ቃል ይሆንልሃል። የማታውቀውን ቃል ብትጠየቅ «አላውቅም፤ ግን ፈልጌ እነግርሃለሁ» በል። ለጨዋታው ነጥብ የሚሰጥህ ገበታው ነው፤ ለዕውቀትህ ግን የሚሰጥህ ያነበብክለት ሰው ደኅንነት ነው።